ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ፈርዳ፦ ትል ፍለጋ የሄድኩበት አምስት ቀን

ከተመለስኩ ሳምንት አለፈኝ፤ ከጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃ ግን አሁንም አልለቀቀም። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለማትሄዱት ነው። ለሽርሽር ብሎ ቱሉ ፈርዳ የሚሄድ ሰው የለም። ሆቴል የለም፣ ፏፏቴ የለም፣ ፎቶ የሚነሱበት ድልድይም የለም። ያለችው አንዲት ጉብታ ናት። ክረምት ሲገባ ከተጂ ወዲያ ያለው ሜዳ ውሃ ይለብሳል፤ ጉብታዋም ብቻዋን ደሴት ሆና ትቀራለች። ላይዋ ላይ ባለቤት የሌላቸው ዘጠኝ ፈረሶች ይኖራሉ። ስሟንም ያገኘችው ከእነሱ ነው፤ ቱሉ ፈርዳ በኦሮምኛ የፈረስ ጉብታ ማለት ነው። እኔ ግን የሄድኩት ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር ስላለው አፈር ነው።

አስካለ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ አበባ፣ አንድ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አለቆቼ የአፈሩን ጨውና አሲድ መለካት ይወዱ ነበር፤ እኔ አፈሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን እወድ ነበር። ስለዚህ "ትል ቆጣሪዋ" የሚል ስም አወጡልኝ። ስድብ መስሏቸው ነው። ትል እቆጥራለሁ፣ አዎ።

የጠሩኝ ኦቦ ጉዲና ናቸው፤ ከጉብታዋ ሥር ያለው መንደር የግጦሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ስልክ ደውለው፣ "ጉብታችን ላይ ሣር እምቢ ብሏል" አሉኝ። "ዘር ዘራን፣ ማዳበሪያ በተንን፣ ምንም የለም። ሰው ሁሉ የጨረሱት ፈረሶቹ ናቸው ይላል። መጥተው ይዩልንና ወረቀት ይጻፉልን።" ሦስት ቀን አስቤ እሺ አልኩ።

ማክሰኞ፦ ከሱሉልታ ቡራዩ

የሱሉልታ ብርድ እንደ ልማዱ ጆሮ ይቆርጣል። ልጄ ናሆም ወደ ባንክ ሥራው ሊወጣ ከረባቱን እያሰረ ሳለ በሩ ላይ የተደገፈውን አካፋ አየ።

"እማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"አካፋ።"

"አካፋነቱንማ አየሁ። በዚህ ዕድሜሽ ጭቃ ውስጥ ገብተሽ ትል ልትቆጥሪ ነው? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውን ሥራ ላይ እያለሁ ስሰማ ኖሬያለሁ" አልኩት። "በጡረታዬ አልሰማም።"

ሻንጣዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ሜትር፣ ክዳን ያላቸው ፕላስቲክ ዕቃዎችና አንድ የወተት ቆርቆሮ ሙሉ የሰናፍጭ ዱቄት ነበር። ሰናፍጩ ለምግብ አይደለም። በውሃ በጥብጠው አፈሩ ላይ ሲያፈሱት ትሉን ስለሚያቃጥለው ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ይቆጥሩታል፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው ወደ ቤቱ ይመልሱታል።

የታክሲው ረዳት አካፋዬን አይቶ፣ "ማዘር፣ ቀብር ነው እንዴ?" አለኝ።

"ምርመራ ነው።"

እንጦጦን አልፈን ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ ሹፌሩ ጉድጓድ ገባና ዘለልን። የቆርቆሮዬ ክዳንም አብሮ ዘለለ። በአንድ አፍታ ታክሲው ሙሉ አስነጠሰ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ እንባው ከረባቱ ላይ ይወርዳል፤ ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ አየር ይለምናል። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ።

"በርበሬ ነው?"

"ሰናፍጭ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ሰናፍጭ ለምን?"

"ለትል።"

ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ ማንም አላናገረኝም።

ቡራዩ ሰዓዳ ጠበቀችኝ። ሰዓዳ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ከሥራ ከወጣች ወዲህ በግቢዋ ችግኝ ታፈላለች፤ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ትል እያረባች የትሉን ፍግ ለባለ አትክልት ቤቶች ትሸጣለች። ስልኬን ለኦቦ ጉዲና የሰጠችው እሷ ናት፤ አብራኝ ለመሄድም ቦት ጫማዋን አጥባ አስቀምጣለች። የቡራዩ አፈር ቀይ ነው፣ ሲረጥብ እንኳ በእጅ ይፈረፈራል። የኛ የሱሉልታው ጥቁር ነው፤ በክረምት ይለጠፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። "የናንተ አፈር እንደናንተው ነው፤ አኩርፎ ነው የሚኖረው" ትለኛለች ሁልጊዜ።

ቤቷ ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ እንቁላል ፍርፍር በቃሪያ ሠርታ ጠበቀችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስንተዋወቅ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አውርተን አናውቅም። እሷ እንቁላል ትሠራለች፣ እኔ እበላለሁ። ከራት በኋላ የተደፋውን ሰናፍጭ ነገርኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ የሰናፍጭ ፍሬ አምጥታ፣ ዓይኗ እየቀላ ራሷ ወቀጠችልኝ።

ረቡዕ፦ ሰበታ

ከቡራዩ ሰበታ በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ በታክሲ ግን የከተማውን ግማሽ መዞር ነው። አስኮ፣ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና እያልን ታክሲ ቀያየርን። ፉሪን ሳልፍ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ባለፈው ስመጣ ጤፍ የነበረበት ቦታ ዘንድሮ ብሎኬት ነው። ሱሉልታም ያው ነው፤ እኛ ግን ቢያንስ ለድርቆሽ የሚከለል ሜዳ ቀርቶልናል።

ዓለም ገና ወርደን ወደ መንደሩ የሚወስደንን ሰው ስንጠብቅ፣ በአስፋልቱና በቦዩ መካከል ባለች ጠባብ ሣር ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ቆሞ አየሁ። ትከሻው ላይ የጋሪው ጠባሳ አለ። ኮቴው ተከርክሞ ስለማያውቅ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ታጥፏል። ፌስታል ያኝካል። እንዲህ ያሉት ሱሉልታም ሞልተዋል። ባጃጅ ሲመጣ ጋሪው ቀረ፤ ጋሪው ሲቀር ፈረሱ ለመንገድ ተጣለ።

እኔ ደግሞ አፈር አይቼ ማለፍ አልችልም። አካፋዬን ተከልኩ፣ ሜትሬን ዘረጋሁ። ወዲያው ሰው ከበበን።

"መሬት ሊለኩ ነው!" አለ አንድ ቆብ ያደረገ ሰውዬ። "ከየት መሥሪያ ቤት ናችሁ? ወረቀት አላችሁ?"

"ኧረ መሬት አይደለም" አልኩት። "ትል ነው የምንፈልገው።"

"ትል ትላለች! ሰው ቤቱ በላዩ ላይ እየፈረሰ እሷ ትል ትላለች!"

ሰዓዳ በኦሮምኛ ልታስረዳ ሞከረች፤ ጩኸቱ ዋጣት። አንዱ አካፋውን ያዘብኝ። እኔም አልለቀቅኩም። "አካፋዬን አልሰጥም፤ ከፈለግክ አብረኸኝ ቆፍር!" አልኩት። ነገሩ እየከረረ ሳለ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ መሐላችን ገባ። መሪውን የያዘችው ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት።

"ኧረ ተዉ! የአባቴ እንግዶች ናቸው!" ብላ ከዚያ በኦሮምኛ አወረደችው። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ከሁሉ ይበልጥ ሲጮህ የነበረው ባለቆቡ ሰውዬ ይቅርታ ጠይቆ ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ጫነልኝ። ቤቱ በዚያው ዓመት እንደፈረሰበት ነገረኝ። አልተቀየምኩትም።

ሴትዮዋ ሌሊሴ ትባላለች። አባቷ ኦቦ ቶለሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዓለም ገና ሰበታ ጋሪ ሲነዱ ኖረዋል። እሷ ባጃጅ ስትገዛ ተቀይመው ወደዚያው ጉብታዋ ሥር ወዳለው ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ። ሲመለሱም ለጅብ የተጣሉትን ፈረሶች ከየመንገዱ እየሰበሰቡ፣ በገመድ እየሳቡ ወስደው ጉብታዋ ላይ ለቀቋቸው። እዚያ ተዋለዱ። ልጓም የማያውቁ ውርንጭሎችም አሉ።

"አባቴ እናንተን ቤቴ ካላሳደርኩ ብሏል" አለችን ሌሊሴ። "‘ፈረሶቼን ልትከስ የምትመጣው ሴት እኔ ቤት ትብላ’ ነው ያለው። እንዳይቀየሙት፣ እትዬ አስካለ። አፉ ነው እንጂ..."

"እኔም አፌ ነው" አልኳት።

ያደርንበት የሰበታ ፔንሲዮን ቧንቧው ደርቋል። እንግዳ ተቀባይዋ አካፋዬን አልጋ ክፍል አላስገባም ብላ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ቆለፈችበት፤ ከዚያ ግን ሁለት ጀሪካን ውሃ ራሷ ተሸክማ ፎቅ ድረስ አመጣችልን። የጾም በያይነቱ በላን። ሰዓዳ ለኔ ስትል ጾመች፤ "ሽሮ ሽሮ ነው፣ ሃይማኖት የለውም" አለች።

ሐሙስ፦ ተጂና ውሃው

ሌሊሴ ባጃጇን ለጓደኛዋ ሰጥታ ከኛ ጋር ተሳፈረች። ከተጂ ወርደን በእግር ቀጠልን። መስከረም ቢሆንም ውሃው ገና አልሸሸም፤ ሜዳው እስከ አድማስ ያብለጨልጫል። ሱሉልታ ላይ ጭቃ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። የዚያ አገር ጥቁር መረሬ ግን ሌላ ነው፤ አንዴ እግርን ከያዘ አይመልስም። ግማሽ መንገድ ላይ የግራ ጫማዬን ዋጠው። እኔ፣ ሰዓዳና ሌሊሴ እጃችንን እስከ ክንድ ከተን ፈለግን። የለም። ወዳጆቼ፣ ጫማዬ አሁንም እዚያ ነው።

አንድ እግሬን በፌስታል ጠቅልዬ ኦቦ ቶለሳ ደጅ ደረስኩ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። "አካም ጅርቱ" አልኳቸው ባለችኝ ኦሮምኛ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ዳኛዋ አንቺ ነሽ?"

"ዳኛ አይደለሁም። አፈር ነው የማየው።"

"ፌስታል አድርገሽ?"

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ግን አስገብተው አስቀመጡኝ፣ ለብ ያለ ውሃ አምጥተው እምቢ እያልኩ እግሬን አጠቡኝ። ከዚያ የባላቸውን ኮንጎ ጫማ ሰጡኝ። ልኬን ሁለት ጣት ያልፋል፤ ፊቱ ላይ ጨርቅ ጎስጉሰው አስተካከሉልኝ። ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ከዚያም እርጎ መጣ። እኛ ሱሉልታ የወተት አገር ነን እንላለን፤ ያን ዓይነት እርጎ ግን ጠጥቼ አላውቅም።

ስንበላ ኦቦ ቶለሳ ስለ ፈረሶቹ አወሩን። እያንዳንዱን በመልኩ ይጠሩታል፦ ዳማ፣ ቡላ፣ ጉራቻ። ጥቁሩ፣ ጉራቻ፣ የራሳቸው የጋሪ ፈረስ ነበር። "ባለቤቶቻቸው ሲጥሏቸው አንድ ወረቀት የጻፈ የለም" አሉ። "ዛሬ እነሱን ለማባረር ወረቀት ይጻፋል።" እርጎዬን ጠጣሁ።

ዓርብ፦ ጉብታዋ ላይ

ውሃው እስከ ጭን ነው። ኦቦ ቶለሳ ከፊት ቀድመው በዱላ እየለኩ አሻገሩን። ፈረሶቹ እሳቸውን ሲያዩ መጡ፤ እኛን ሲያዩ ቆሙ። ከሩቅ ያምራሉ። ቀርቤ ሳያቸው የጎድን አጥንታቸውን ቆጠርኩ፤ መቁጠር ልማዴ ነው።

መጀመሪያ የቆፈርነው አናቷ ላይ፣ ሣሩ በምላጭ የተላጨ በሚመስልበት ቦታ ነው። ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቷል፤ አካፋዬን ስሰካ ግን አንድ ስንዝር ሳይገባ ቆመ። በእግሬ ስጫነው እጀታው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በተሰበረው ብረት እየፋቅን ከፈትነው። ከኩሬው ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነው። ዝናቡ ከላይ ተኝቷል፣ መግቢያ አጥቷል። ሰናፍጩን አፈሰስን። ጠበቅን። አንድም ትል አልወጣም።

ሁለተኛው ፈረሶቹ ዘወትር የሚጥሉበት የፋንድያ ክምር ነው። ከሥሩ ስንቆፍር ጥንዚዛ ይርመሰመሳል፤ ሦስት ትልም ወጣ።

"አየሽ!" አሉ ኦቦ ቶለሳ። "የፈረስ ፋንድያ ነው ያፈራው!"

"አየሁ። እጽፈዋለሁ" አልኳቸው። ጻፍኩትም።

ሦስተኛው ቦታ አንድ ግራር በነፋስ ወድቆ እሾሃማ ቅርንጫፉ እንደ አጥር የከበባት ቁራሽ መሬት ናት። ፈረስም ላምም አይገባባትም። ሰዓዳ ሻሿ እየተቀደደ በሆዷ ሾልካ ገባች። ውስጡ ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፤ ያለፈው ዓመት ደረቅ ሣር ከሥሩ እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። አፈሩ እንደ ትኩስ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። ሰናፍጩን ገና ሳናፈስ ትል አገኘን። ስናፈስማ...

"ማሻአላህ!" አለች ሰዓዳ ከእሾሁ ውስጥ። "ሰባት... ስምንት... ኧረ አስካለ፣ አሥራ አንድ!"

ኦቦ ቶለሳ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። አንዲት ጉብታ፣ አንድ ዝናብ፤ በመካከላቸው ያለው እሾህ ብቻ ነው። ከዚያ ቀና ብለው፣ "በይ ንገሪኝ። ለዚህ አይደል የመጣሽ?" አሉኝ።

በቤታቸው በልቻለሁ። ጫማቸውን አድርጌ ነው የቆምኩት። አለሳልሼ ልናገር ብዬ አሰብኩ፣ ግን አፈሩ አልተለሳለሰልኝም።

"ፈረሶቹ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ናቸው፣ መሄጃ የላቸውም" አልኳቸው። "ሣሩ ሳያድግ ይነጩታል። ወድቆ የሚበሰብስ ሣር ከሌለ ትሉ የሚበላው የለም። ትሉ ሲጠፋ አፈሩን የሚበሳሳው የለም፤ ኮቴ ሲረግጠው ይደፈናል፣ ዝናቡም ሳይገባ ይወርዳል። ዘር ቢዘሩበት፣ ማዳበሪያ ቢበትኑበት ድንጋይ ላይ እንደመዝራት ነው።"

"እና ትል ይበልጣል ወይስ ፈረስ?"

"ኦቦ ቶለሳ፣ ፈረሱንም አየሁት። ከጅብ አድነውታል፤ እዚህ ደግሞ ቀስ ብሎ እየተራበ ነው። ትሉ ካልኖረ ፈረሱም አይኖርም።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ወጪት ሰባሪ!" አሉኝ። "በልተሽ፣ ጠጥተሽ፣ እግርሽን ታጥበሽ!" ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ጉብታዋ ማዶ ሄዱ፤ ፈረሶቹም ተከተሏቸው።

ማልቀስ አማረኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ አለቀስኩም። ሰዓዳ ግን የተሰበረውን አካፋ ሰጠችኝና፣ "አንድ ቦታ ይቀረናል" አለች። አራተኛው ቦታ ዳገቱ ለዘብ የሚልበት፣ የመንደሩ ከብት የሚወጣበት ወገን ነው። እዚያ አፈሩ ከአናቷም ይብሳል። የጠነከረው ጭቃ ላይ ጥልቅ ጥልቅ ኮቴዎች ታትመዋል። አንዱን ጓል ከነኮቴው ቆርጬ በፌስታል ያዝኩ። 

ሌሊሴ ስታሻግረን ኦቦ ጉዲና ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ወፍራም፣ ድምፃቸው የሻከረ፣ የኔ እኩያ ሰው ናቸው። "ፈረሶቹ ናቸው አይደል?" አሉኝ ገና ውሃ ውስጥ እያለሁ። ስለ ላማቸው ነገሩኝ። በሐምሌ ከብቱን ጉብታዋ ላይ አወጡ፤ ሣሩ ስላልበቃ በነሐሴ በጎርፍ ውስጥ መልሰው አወረዱ። ስትወርድ ላማቸውን ውሃ ወሰዳት፣ የምትታለብ ላም። ከዚያ ወደ ጉብታዋ ጠቆሙ። "ነገ ስድስት ሰዓት መኪና ይመጣል። ፈረሶቹን የሚገዛ ሰው አግኝተናል።" ለምን እንደሚገዛቸው ማንም አልጠየቀም ነበር።

ማታ ቤቱን ለቅቄ ልሂድ ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ። አዴ ጫልቱ ከእጄ ነጠቁኝና በኦሮምኛ ተናገሩ። ሌሊሴ ተረጎመችልኝ፦ "‘የተጣላሽው ከሱ ጋር ነው፤ ከምጣዴ ጋር አልተጣላሽም’ እያለች ነው።" ዓርብ መሆኑን አስታውሰው ጨጨብሳውን በዘይት ሠርተውልኛል። ኦቦ ቶለሳ ግን ለራት አልመጡም።

ቅዳሜ፦ ስብሰባው

ሲነጋም አልመጡም። አዴ ጫልቱ ግን የደነገጡ አይመስሉም። "ሲናደድ ይሠራል" አሉ።

ስብሰባው ውሃው ዳር፣ ጉብታዋ ፊት ለፊት ነበር። ሰዉ ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ጉዲና አስተዋወቁኝና፣ "ይናገሩ፣ ባጭሩ" አሉኝ።

"ፈረሶቹ አፈሩን ጎድተውታል" አልኩ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። "የናንተም ከብት ጎድቶታል።"

ጓሉን ከፌስታል አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። "እናንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ይህ ኮቴ የፈረስ ነው?"

አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩት። "ስንጥቅ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የላም ነው።"

ኦቦ ጉዲና ተነሱ። "ላሜ ሞታ፣ አሁን ደግሞ ጥፋተኛው እኔ ልሁን?"

"በላምዎ አዝኛለሁ" አልኩ። "ግን ፈረሶቹን ዛሬ ብትጭኗቸው፣ ከብቱን ደግሞ በሐምሌ ጭቃ ብትመልሱበት፣ ጉብታችሁ ያው ራሰ በራ ናት። እኛ ሱሉልታ ለድርቆሽ የከለልነው ሜዳ ላይ አጨዳ ሳይደርስ የገባ ከብት ካለ ባለቤቱ ጎረቤት ያጣል። መሬቱ እንዲያርፍ ነው። አፈራችሁ አልሞተም፤ እሾሁ ውስጥ አይቼዋለሁ። ታሟል። የታመመ ይተኛል እንጂ በላዩ ላይ አይቆሙበትም።"

ጫጫታ ሆነ። አንዱ "ከከተማ መጥታ ታስተምረናለች!" ይላል፤ ሌላው "እውነቷን ነው!" ይላል። ኦቦ ጉዲና ወደ ጆሮዬ ቀርበው፣ "ለወረዳ የሚሄደው ወረቀት ላይ የፈረሱን ብቻ ይጻፉ" አሉኝ። መልስ ሳልሰጣቸው አንዲት ሴት ወደ ጉብታዋ ጠቆመች።

ኦቦ ቶለሳ ናቸው። ጉራቻን በአሮጌው የጋሪ ጠፍር ጠምደውታል። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ ከነእሾሁ ይጎትታል። ከጉብታዋ ወገብ ላይ፣ ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ፣ የእሾህ መስመር ተዘርግቷል፤ ግማሽ ድረስ ደርሷል። ስብሰባው ሁሉ ዞሮ አየ። አንድ ቅርንጫፍ አደረሱ፣ ፈቱ፣ ተመለሱ፣ ሌላ አሰሩ።

ከዚያ ተሻግረው መጡ። እስከ ደረታቸው ረጥበዋል፣ እጃቸው በእሾህ ተቧጭሮ ይደማል። ወደኔ አላዩም። ለሰዉ ተናገሩ።

"ግማሹን አጥራለሁ። ወደዚያ ፈረሴም አይገባም፣ ላማችሁም አይገባም። ሌላው ግማሽ የፈረሶቹ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እንቀያይራለን።"

"ማን ፈቀደልዎት?" አሉ ኦቦ ጉዲና።

"ፈረሱን መንገድ ላይ ሲጥሉት ማን ፈቀደ?"

"ዘጠኝ ፈረስ ግማሽ ጉብታ ላይ አይኖርም!"

ይህ እውነት ነበር። እኔም ልለው ነበር። ቀድማኝ የተነሳችው ሌሊሴ ናት። "አይኖርም፣ አባ" አለች አባቷን እያየች። "አምስቱን እኔ እወስዳለሁ። የማን እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ዓለም ገና እያንዳንዱ ባለቤት ደጅ አስሬ እመለሳለሁ። የጣለ ይመግብ። እምቢ ያለ ካለ ባጃጄን በሩ ላይ አቁሜ ጡሩምባ እነፋለሁ!" ሰዉ ሳቀ። ኦቦ ቶለሳ አልሳቁም፤ ልጃቸውን ግን ባጃጅ ከገዛችበት ቀን ወዲህ እንዳላዩዋት አድርገው አዩዋት።

የመኪናው ሹፌር ተጂ አስፋልት ላይ ቆሞ ስልክ ደወለ። እጅ ተነሳ፤ ለእሾሁ የተነሳው እጅ በለጠ። ኦቦ ጉዲና እጃቸውን አላነሱም። "ለአንድ ክረምት ነው" አሉ። "ሣር ካልበቀለ መኪናውን እመልሰዋለሁ።" መኪናው ባዶውን ሄደ።

ስንሰናበት ኦቦ ቶለሳ ጫማዬን፣ ማለት ጫማቸውን፣ አዩ። አውልቄ ልሰጣቸው ስል እጃቸውን አወናጨፉ።

"ለትልሽ ብዬ አይደለም" አሉኝ። "አንቺ ከተናገርሽ በኋላ የጉራቻ አጥንት ይታየኝ ጀመር። በፊት አላየውም ነበር። በዚህ ይቅር አልልሽም።"

"አይበሉኝ" አልኳቸው። "አጥሩን ብቻ ይጨርሱ።"

አዴ ጫልቱ ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልን። ሰዓዳን ቡራዩ አድርሼ፣ በሁለት ጣት በሚበልጠኝ ኮንጎ ጫማ እየተንሸራተትኩ ሱሉልታ ገባሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ጫማዬን ያያል፤ እኔም መልሼ አየዋለሁ።

ወረቀቱን በማግሥቱ ጻፍኩት። አራቱንም ጉድጓድ ጻፍኩ፦ አናቷን፣ ፋንድያውን፣ እሾሁን፣ የከብቱን መውጫ። ፈረሱን ጻፍኩ፣ ላሟንም ጻፍኩ። ናሆም በኮምፒውተር እየጻፈልኝ፣ "እማ፣ ይህን የላሟን ነገር ብትተዪው ምናለ? ሰውዬው ይቀየማል" አለኝ። "ጻፍ" አልኩት። ጻፈ፤ ሲጨርስ ግን ከመነሻው ጀምሮ እንደገና አነበበው። አንዱን ቅጂ ለኦቦ ጉዲና፣ አንዱን ለኦቦ ቶለሳ፣ አንዱን ለወረዳው ላክሁ።

ትናንት ከኦቦ ጉዲና አጭር የስልክ መልእክት ደረሰኝ። "ስለ ከብታችን ማን ጠየቀዎት?" ይላል።

"እርስዎ" ብዬ መለስኩላቸው።